የአባትሽ ግራ እጅ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ኅዳር 12

ድምፅሽ ለጠፋብኝ ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

አንቺ፣ ባልሽና ልጅሽ ሚጣ እንዴት ናችሁ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይነሳ ነው። አሁን ጎረቤታችን ፀጉሩን ሊያስቆርጠው ይዞት ወጥቷል፤ ሳይመለሱ ቶሎ ቶሎ ልጻፍልሽ።

ባለፈው “የአባትሽ እጅ ተንቀሳቀሰ!” ብዬ የጮህኩት ትዝ ይልሻል? ስትሮክ ከመታው ጀምሮ የተንጠለጠለው ግራ እጁ፣ የስፌት ማሽኑ ላይ እንዳረፈ ጣቶቹ ይርገበገቡ ጀመር። እኔ ሞኟ ጮቤ ረገጥኩ። አንቺም አልቅሰሽ “ሚጣን ይዤ እመጣለሁ፣ በሁለት እጁ ያቅፋታል” አልሽ። ከዚያ ወዲህ አባትሽ ሌላ ወሬ የለውም።

ልጄ፣ መዳን አልነበረም። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ። ያኔ ስትሮኩ አንጎሉ ላይ የተወው ጠባሳ፣ ይኸው ዛሬ የሚጥል በሽታ አምጥቶበታል። የጣቶቹ መርገብገብም እሱው ነው። እጁ ከእንግዲህ አይመለስም አለች። ኪኒን አዘዘችለት። እኔ ግን በምን አፌ ልንገረው? “የእጅህ ማጠንከሪያ ነው” ብዬ ሰጠሁት።

አባትሽን ታውቂው የለ፣ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ የሚለይ ሰው ነው። ኪኒኑን ሲውጥ እጁ ጸጥ አለ። “ይቺ ማጠንከሪያሽ እጄን አስተኛችብኝ” ብሎ ሲያጉረመርም ሳቅሁበት። ለካ እየተፋ ኪሱ ውስጥ ይከታት ኖሯል! እሁድ ዕለት ወጥ ቤት ሆኜ “ነይ እይ፣ ተንቀሳቀሰ!” ሲል ሰማሁት። በድምፁ ውስጥ ደስታ ብቻ ነበር። ስደርስ መሬት ላይ ወድቆ፣ አረፋ ደፍቆ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠረጴዛው የወደቀው የጋለ ካውያ አንገቱን አቃጥሎታል። አጠገቡ የተጠቀለለ ትራስ ወድቋል። ሚጣን ማቀፍ ሲለማመድ ነበር።

ሲነቃና ልቡ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ኪኒኑን ከእጄ ተቀብሎ ዋጠና አፉን ከፍቶ አሳየኝ፣ እንዳልተፋት እንዳምነው። ቆይቶ “ለልጃችን እንዳትነግሪያት” አለኝ። “እጁ ዳነ ብላ አይደል የምትመጣው?”

“ኧረ ምን ነካህ፣ ለአንተ ብላ ነው እንጂ!” ብዬ ተቆጣሁት። ሲታመም እንዳልመጣሽ ግን እሱም እኔም እናውቃለን። ሥራሽን አውቃለሁ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽን አውቃለሁ፣ አልወቅስሽም።

ይኸው ነገርኩሽ። ትኬት ቆርጠሽ ከሆነ አትመልሺው። ሚጣን ጭኑ ላይ እናስቀምጣታለን፣ አንቺ በግራው በኩል ትቀመጫለሽ። “ተንቀሳቀሰ” ካለሽ መጀመሪያ እሷን አንሺያት፣ ከዚያ እሱን ያዢው።

በሩ ተንኳኳ፣ መጡ መሰለኝ። የወለድሽው ይባረክልሽ፣ የያዝሽው ይቅናሽ። ብቻ እንደወጣሽ አትቅሪብን።

እናትሽ