ክንዴ ሳያይ አይከፈትም

ታኅሣሥ 9

የገበያ ቀን። ሻሽና ኩታ ደህና ሄደ፤ ብርድ ልብስ የጠየቀ ግን የለም። በእንጅባራ ብርድ! ሰው ምን ለብሶ ነው የሚያድረው?

ሱቁን ዘግቼ ስገባ እማ ግቢያችን ከቆመው አሮጌ ፒካፕ ውስጥ የዶሮ እንቁላል ስትሰበስብ አገኘኋት። "ይሄ መኪና ሲነዳ ያላመጣውን ተኝቶ አመጣ" ትላለች። አባ ሰምቷል። ያልሰማ መስሎ የተስቢህ መቁጠሪያውን ቆጠረ።

ታኅሣሥ 12

ከማዘጋጃ ቤት መጡ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ የቀርከሃ አጥራችን ወደ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። መኪናው ከቀለሙ ወዲያ ቀረ... መንገድ ላይ ማለት ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ካላነሳችሁት በማሽን ይነሳል አሉ። በትህትና ነው የነገሩን፣ ሻይም ጠጥተዋል።

እማ ደስ አላት። "ለቁራሌው ይሰጥና እንገላገል!"

አባ "አይነካም" አለ። ሌላ ቃል የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ይቺው አንድ ቃል። እራትም አልበላም።

ታኅሣሥ 13

ሱቅ ቁጭ ብዬ ያንን ሰርግ ሳስብ ዋልኩ።

መኪናው የአባ ብቻ አይደለም። የእሱና የጋሼ ክንዴ ነው። አባ እዚህ ነጋዴ፣ ጋሼ ክንዴ አዘና ገበሬ። በፒካፑ ድንች ከአዘና ይመጣል፣ ጨርቅ ከእንጅባራ ይሄዳል። ሞተር የሚያውቁት ጋሼ ክንዴ ስለሆኑ ጥገናው የእሳቸው፣ ማደሪያው የእኛ ግቢ። እንደ ወንድም ነበሩ። በጾም አባ እሳቸው ፊት ሥጋ አያነሳም፤ በረመዳን እሳቸው መኪና ውስጥ ውሃ እንኳ አይጎነጩም።

የጋሼ ክንዴ ልጅ የእናትነሽ ሰርግ ዕለት አባ በጠዋት አዘና መድረስ ነበረበት። ሙሽራዋ የምትሄደው በፒካፑ ነው። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ የሚደገሰውን በግ ባርኮ የሚያርደውም እሱ ነው። አደራው የእሱ ስለሆነ፣ እሱ ሳይመጣ ሌላ ሙስሊም ቢላ አያነሳም።

መኪናው አልነሳም አለ። ኔትወርክ የለም። አባ በሚኒባስ ተንጠልጥሎ ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ሙሽራዋ በባጃጅ ሄዳለች። ሙስሊም እንግዶቹ ሳይቀምሱ ተመልሰዋል። በጉ እንደታሰረ ቆሟል።

ጋሼ ክንዴ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ትናንት ለሸቀጥህ የተነሳ መኪና ለልጄ ሰርግ ይተኛል? ዋሽተኸኛል!" አሉት።

"ወላሂ አልነሳም ብሎኝ ነው!"

"እሱን መሐላ ለደንበኞችህ!"

አለቀ። አባ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ኮፈኑን የነካ የለም። "ምን እንደሆነ ራሱ መጥቶ ይየው። ክንዴ ሳያይ አይከፈትም።" ጋሼ ክንዴ ደግሞ "ሽማግሌ የሚልክ በዳይ ነው" ብለው አዘና ይጠብቃሉ። ሁለቱም ተበዳይ! ታዲያ ሽማግሌ ማን ይላክ?

አንድ ነገር ደግሞ አለ... ለማንም ያልተናገርኩት። በሰርጉ ሳምንት በአንድ ነገር ተነታርከው ነበር። ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፣ ነገሩን አልሰማሁም። እና... እውነት አልነሳም ብሎት ነው? ወይስ ተናዶ...?

አላህ ይቅር ይበለኝ። አባ እኮ ነው።

ታኅሣሥ 17

አባ ከስቷል። በጠዋት ወጥቶ ቀዩን ቀለም ያያል፣ ይመለሳል። ዛሬ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "ሳይከፈት ከተጫነ ውሸታም እንደተባልኩ ልሞት ነው።"

ለእኔ አይደለም ያለው። ለዶሮዎቹ ነው።

ታኅሣሥ 20

ለእናትነሽ ደወልኩ። እኔና እሷ ተኳርፈን አናውቅም፤ በገናም በዒድም እንደዋወላለን። አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት።

"እኔ እኮ ባጃጁ ውስጥ ስስቅ ነው የሄድኩት" አለችኝ። "አባዬ ነው ለእኔ የሚቆጣልኝ።"

"አንድ ጊዜ ይምጡልንና ይዩት።"

"ሽማግሌ ካልመጣ? ንቅንቅ አይልም።"

አሰብን... አሰብንና እሷ ሳቀች። "ቆይ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን ሊፈታው ነው ልበለው። እሱን አይችልም!"

ታኅሣሥ 23

መልስ የለም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ።

"ነገርኩት" አለች። "'ማን ነው የሚፈታው?' አለኝ። 'ዓለምነው የሚባል የእንጅባራ መካኒክ' ስለው፣ 'ያ ብሎን ጨራሽ!' ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁልፎቹን ዘይት ሲቀባ ነው የማየው።"

ምስኪን ዓለምነው። ሳያውቀው ስሙን አጠፋንለት።

ጥር 4

መጡ!

ጋቢ ደርበው፣ የመፍቻ ከረጢታቸውን አንግበው በሩ ላይ ቆሙ። አርጅተዋል። እማ "ይግቡ እንጂ፣ ቤትዎ አይደለም እንዴ!" ብላ አቀፈቻቸው። አባ ከበረንዳው አልተነሳም።

መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩት። "መኪና ነው የዶሮ ቤት?"

"ኢሕሳን" አለ አባ፣ "ለእንግዳው ንገሪው። ከሰርጉ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።"

"ኢሕሳን" አሉ ጋሼ ክንዴ፣ "ለአባትሽ ንገሪው። ዝገቱን አይቻለሁ።"

በሁለት እርምጃ መካከል አስተርጓሚ ሆንኩ። ያውም ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

ዓለምነውም ተጠርቶ መጣ። ኮፈኑ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ። እሱና ጋሼ ክንዴ ከሞተሩ ፊት ያለውን ክዳን ብሎኖች ማላቀቅ ጀመሩ። ዝገቱ እንቢ አለ፣ ዘይት አጠጡት፣ ጠበቁ። እኔ ማየት አቃተኝ። ምንም ያልሆነ ሞተር ቢሆንስ? እንቁላል የምሰበስብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

"ተበጥሷል!" የዓለምነው ድምፅ ነው።

ቺንጋው። ሞተሩን ከውስጥ የሚያዞረው ቀበቶ። ለሁለት ተበጥሶ እዚያው ክዳኑ ውስጥ ተጋድሟል፤ ክሩ ተፈትሎ፣ ላዩ ላይ የስምንት ዓመት ዝገት ተነስንሶበት። ይሄ ከተበጠሰ በፈረስ ቢጎተትም አይነሳም አለ ዓለምነው።

ጋሼ ክንዴ ቺንጋውን እጃቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ ወደ ጋቢናው ሄዱ፤ የተኛችውን ዶሮ ገፋ አድርገው ወንበሩን አነሱና ከሥሩ አንድ ካርቶን አወጡ። አዲስ ቺንጋ። ከነፕላስቲኩ።

"የሰርጉ ሳምንት... አባትሽ 'ቀይረው' ብሎኝ ነበር። 'አንተ ጨርቅህን ሽጥ፣ ሞተር አታስተምረኝ' አልኩት። ከሰርጉ በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ እዚህ አኖርኩት።" ጎማው ላይ ቁጭ አሉ። "ረሳሁት፣ ሙሐመድሰዒድ" አሉት አባን።

ጭቅጭቁ ይሄ ነበር! ይሄ ብቻ!

"አንተ አባ!" አልኩት። "ቺንጋው ነው ብለህ ለምን አልነገርካቸውም?"

"ወላሂ ካልኩ በኋላ ምን ልጨምር?"

ጋሼ ክንዴ ይቅርታ ሊሉ ተነሱ። አባ እጁን ዘረጋ፤ አቆማቸው። "እዚህ አይደለም። እዚያ አዘና ነው ውሸታም ያልከኝ።"

"እዚያው እላለሁ። በዚሁ መኪና ሄደን።"

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አልዋሸም። አባ አልዋሸም። አልሐምዱሊላህ።

ጥር 8

ጋሼ ክንዴ እኛ ቤት ሰነበቱ። ያ አዲስ ቺንጋ ሳይሠራ አርጅቷል፣ ሲያጥፉት ተሰነጠቀ። ሌላ መጣ። ሁለት ቫልቭም ታጥፏል አሉ። የተበጠሰውን ግን ጋሼ ክንዴ አላስጣሉም፤ ጠቅልለው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱት።

ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ። በብሎን፣ በዘይት፣ በዶሮዎቹ። ስምንት ዓመት የተጠራቀመ ንትርክ ነው፣ በአንዴ አያልቅም። እማ ለእሳቸው እንቁላል ትጠብሳለች። ሥጋችን በአንድ ማዕድ ባይቀርብም የመኪናው እንቁላል ሁሉንም አስማማ።

ጥር 11

ጥምቀት። ጋሼ ክንዴ ታቦት ሊሸኙ ሄዱ። አባ መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቃቸው።

ጥር 15

አልነሳም። ባትሪ አዲስ፣ ናፍጣ አዲስ... ሞተሪኖው፣ ማስነሻው፣ ያጓራል፣ ሞተሩ ዝም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬም በዚያ ሲያልፍ ቀለሙን አየት አደረገ።

አባ "አላህ ካለ ይነሳል" አለ። ጋሼ ክንዴም "እመብርሃን ካለች" አሉ። ዓለምነው "የናፍጣው ቧንቧ ውስጥ አየር ገብቷል፣ እሱ ከወጣ" አለ።

ጥር 16

ተነሳ!!

መጀመሪያ አስነጠሰ። ሁለተኛ አስነጠሰ። ከዚያ ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ፤ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ ባልዲ ይዞ መጣ። ዶሮዎቹ አጥሩ ላይ ወጡ። አባ እጁን ኮፈኑ ላይ አኑሮ ንዝረቱን ያዳምጣል... ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

ለእናትነሽ ደውዬ ስልኩን ወደ ሞተሩ ያዝኩላት። እሷም እልል አለች።

ጥር 21

ፍሬኑ ተሠራ፣ ጎማው ተቀየረ፣ ቦሎም ወጣለት። እስከ ጥርባ ሐይቅ ሄደን ተመለስን። የሐይቁ ጉም ገና አልተነሳም ነበር። ጋሼ ክንዴ ይነዳሉ፣ አባ ከጎናቸው፣ እኔና እማ ኋላ። ቁልቁለቱ ላይ እማ "ፍሬኑ ይይዛል?" አለች። "ካልያዘ አንቺ ትይዢዋለሽ" አላት አባ።

ወንበሩ አሁንም ዶሮ ዶሮ ይሸታል።

ጥር 24

አዘና ደርሰን መጣን።

ሳንደርስ ገና የመኪናው ጡሩምባ ተነፋ። እናትነሽ ልጆቿን አንጠልጥላ ሮጠች። ግቢው ውስጥ ሁለት ዳስ፤ የክርስቲያኑ በአንድ በኩል፣ የሙስሊሙ በሌላ። ያን ቀን ሳይቀምሱ የተመለሱትን ሁሉ ጠርተዋቸዋል። የሞቱም አሉ፤ በእነሱ ፋንታ ልጆቻቸው መጥተዋል። ምሰሶው ላይ አንድ ሙክት በግ ታስሯል።

አባ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ዕለት የቆመውም እዚያው ይሆናል።

ጋሼ ክንዴ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእናትነሽ ሰጧት። የተበጠሰውን ቺንጋ አወጡና ከፍ አደረጉት። "እዚህ ቦታ ላይ ውሸታም ያልኩት ሰው አልዋሸም። መሐላው እውነት ነበር። መኪናውን ያስተኛሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው!" ቺንጋውን ይዘው ሰው ለሰው መዞር ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ እየነኩ ያዩታል፣ በአገውኛ ይንሾካሾካሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱንም አላለፉም፤ ለልጆቹ ሳይቀር እያጎነበሱ አሳዩ።

አባ የዓይኑን ጥግ ጠረገ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ይበቃሃል፣ ክንዴ" አለ። "በጉ ስምንት ዓመት ታስሯል። ፍታውና አምጣው፣ ልባርከው።"

ጋሼ ክንዴ በጉን ፈትተው አመጡለት። አባ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ዞረና ቢስሚላህ አለ።

ጥር 28

አጥሩ ወደ ውስጥ ገባ። መኪናው የቆመበት መሬት ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ነገ መንገድ ይሆናል። ዶሮዎቹ እዚያው ላይ ይዞራሉ፣ እማ ደግሞ ቤት ሥሩላቸው ብላ ትጮኻለች።

የሚሠራላት የለም። አባ ከጋሼ ክንዴ ጋር ድንች ሊያመጣ ሄዷል። ሲወጣ "ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?" አልኩት።

"መኪናው ካልተበላሸ በጊዜ" አለኝ።

ቢያመሽም አምነዋለሁ።