ማንም ያልወሰዳቸው ልብሶች

ሐረር፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ለልጄ አባት፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እግርህ እንዴት ሆነ? ቁስሉ ደረቀልህ ወይስ አሁንም ፋሻ አልተለየውም? የቆላው ሙቀትስ እንቅልፍ ይሰጥሃል? ልጃችን ብርነሽ ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች፤ ስትስቅ አንተን መምሰል ጀምራለች። ሐኪሙ ደጋግሞ አይቷት ንጹሕ ናት ብሎኛል። ይህን ያስቀደምኩት ልብህ እንዲያርፍ ነው።

በወዳጅህ በሙሜ በኩል የላክኸው ቃል ደርሶኛል። ሱቁ እንዴት ሆነ፣ ምን ጨርቅ ቀረ፣ የማን የማን ትእዛዝ ተሰፍቶ አለቀ ብለሃል። እስከ ዛሬ የምልክልህ ወሬ አጭር የነበረው በሕመምህ ላይ ሐሳብ ላለመጨመር ነው። አሁን ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በሰኔ ወር ስትሄድ ለደንበኞቻችን ድሬዳዋ ለሥራ ሄደ እንድል ተስማምተን ነበር። እኔም እንደዚያው አልኩ። ወሬው ግን አንተ ገና ከሕሙማኑ መንደር ሳትደርስ የፈረስ መጋላን ገበያ ዞሮ ጨርሷል። ሥጋ ደዌ የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ የመጣችው የወይዘሮ ጽጌ ሠራተኛ ናት፤ እመቤቷ ለቀሚስ የሰጡትን ሳቲን መልሱልኝ ብለዋል አለችኝ። አጥፌ ስሰጣት እጇን አልዘረጋችም። ይዛው የመጣችውን ከረጢት አፉን ከፍታ፣ እዚህ ውስጥ ጣይልኝ አለች። ጣልኩላት።

ከዚያ በኋላ ተከታተሉ። ጨርቁ ያልተቆረጠለት ጨርቁን ወሰደ። የተቆረጠበት ይቅርብኝ ብሎ ሄደ። ተሰፍቶ ያለቀውን ግን ማንም ሊወስደው አልመጣም። ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት የአቶ ተክለጻድቅ ኮት ተንጠልጥሎ ቀረ። ብልክባቸው፣ ብልክባቸው ዝም አሉና በመጨረሻ ራሳቸው መጡ። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እህቴ ይቅር በይኝ፣ እኔ ባምን ቤቴ አያምንም አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሠርጉን በአሮጌው ኮታቸው ዋሉ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ትእዛዝ ቀረ። ለተማሪዎቹ ልብስ ብለህ ከድሬዳዋ ያመጣኸው ካኪ መደርደሪያውን እስከ ጣሪያው ሞልቶት ነበር። ዳይሬክተሩ አስጠርተው በትሕትና አናገሩኝ። ለእኔ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ወላጆች ናቸው አሉኝ፤ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ሰጡት። ሱቁን ቆልፌ ፈላና በር ያለው ቤታችን ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ጎረቤት አልመጣም። ያስነሳኝ ብርታት እንዳይመስልህ፤ ዱቄቱ አልቆ ነው የተነሣሁት።

ሱቁን ከፍቼ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ወለሉ ላይ አወረድኩ። ያልተቆረጠውን ለብቻ፣ ተቆርጦ የተተወውን ለብቻ፣ የተሰፋውን ለብቻ አደረግሁ። የተሰፋውን በትልቁ ድስት በሳሙና ቀቅዬ ተኮስኩትና የየባለቤቱን ስም ጽፌ ሣጥን ውስጥ አኖርኩት። የሰው ንብረት ነውና አልሸጥኩትም። ያኔ መሬት ቁጭ ብዬ ሳየው ገባኝ፤ እኛ ጨርቁን በተስፋ እየገዛን ትእዛዝ እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። ስለዚህ የሰው ልክ ሳልወስድ አንድም ጣቃ ሱቅ እንዳይገባ ወሰንኩ። ካኪውን ደግሞ ማንንም ሳልጠብቅ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ አድርጌ የገበሬ የሥራ ሱሪ ቆረጥኩት።

ሙሜ፣ ከሶፊ ገጠር ጫት የሚያመጣው ነጋዴ ወዳጅህ፣ ይህን አይቶ ለእኔ ስጪኝ አለኝ። በገጠር ገበያ እሸጥልሻለሁ፣ የማን ስፌት እንደሆነ ማን ይጠይቃል አለ። ለደግ አስቦ ነው። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ሰው ሳያውቅ ገዝቶ ኋላ ቢሰማ አንተንም አይምርህም አልኩት። ደግሞም ደብቄ ከሸጥኩት በሽታው በጨርቁ ውስጥ አለ ብዬ እኔም አመንኩ ማለት ነው። ሐኪሙ በጨርቅ አይተላለፍም ይላል፤ እሱ የሚለው ሌላ፣ እኔ የማደርገው ሌላ ይሆናል። ሙሜ የያዘውን ሱሪ አስቀምጦ ወጣ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ እናቱን አዴ ሳፊያን ይዞ መጣ። አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ መንገደኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ የታመመው ሰው ወንበር የቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለውን ወንበርህን አሳየኋቸው። ሄደው ተቀመጡበት። ትንሽ አረፍ ብለው ተነሡና ልኬን ውሰጂ አሉኝ። ሜትሩን አንሥቼ ለካኋቸው። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ከውጭ ሆኖ፣ እናቴ የዚህን ቤት ነገር ሰምተዋል ወይ ቢላቸው፣ «ሰምቻለሁ። ደዌውንም ሽረቱንም የሚሰጥ አላህ ነው። ይልቅ ከብርሃኑ ገለል በል፣ ልጅቷ ሜትሩን ትይበት» አሉት። ሰዉ ሳቀ። በዚያ ደጃፍ ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር!

ሰዉ ሲበተን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ነገሩኝ። ዓሊዪ የሚባል ወንድም ነበራቸው። በወጣትነቱ ይኸው በሽታ ሲይዘው አባታቸው ከቤት አስወጥተው ወደ ቆላ ሰደዱት። ለአገሩ ሰው ግን ሞተ አሉ። «ዱዓ አስደረግን፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ወላሂ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው የቀበርነው» አሉኝ። ሙሜም አጎቱ ሞቷል ሲባል ነው ያደገው። እኔ እንቢ ያልኩ ዕለት ቤቱ ገብቶ፣ ይህች ሴት የባሏን ስም አልደብቅም አለችኝ ብሎ ለእናቱ ሲያወራላቸው፣ እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። የዚያን ዕለት ነው እውነቱን የነገሩት።

እንግዲህ አደራህን፤ ዓሊዪ የሚባል የሶፊ ሰው እዚያ በሕሙማኑ መንደር ካለ ፈልግልኝ። በግራ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለው። በሕይወት ካለ፣ እህትህ ሳፊያ ትጠይቅሃለች በለው። ከሌለም ያረፈበትን ቦታ ጠይቀህ እወቅልን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ሸሚዝና ሽርጥ የእሱ ነው። አዴ ሳፊያ ሲያዙኝ ልኩን አያውቁትም፤ በልጅነቱ ረጅም ነበር፣ አሁን እርጅና አሳጥሮት ይሆናል እያሉ በእጃቸው አየር ላይ ለኩልኝ። ብዙ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ ትእዛዝ ግን የለም። ሰፋ አድርጌ ሠርቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ የሶፊ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። አዝመራው ሲሰበሰብ ደግሞ ባሎቻቸው መጡ። ካኪው ታኅሣሥ ሳያልቅ አለቀ። የከተማው ሰው ዘገየ እንጂ እሱም እየተመለሰ ነው። አቶ ተክለጻድቅ ለገና መጥተው ኮታቸውን እዚያው ለብሰው ወጡ። ዛሬ መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ ጣቃ ፖፕሊን፣ ክርና ቁልፍ ብቻ ነው። የተቀበልኩትን ትእዛዝ ሁሉ አስረክቤያለሁ።

አዲስ የሚመጣውን ግን ለሸምሲያ ሰጥቻታለሁ። ሸምሲያ የሙሜ እህት ናት፤ መቁረጡንም መስፋቱንም አስተምሬያታለሁ፣ እጇ ንጹሕ ነው። የሱቁን ቁልፍም ሰጥቻታለሁ፤ ከሚገኘው ግማሹ ለብርነሽ እንዲሆን ተስማምተናል። ብርነሽን ደግሞ ሰሞኑን እህትህ ሮማነወርቅ መጥታ ወደ ድሬዳዋ ትወስዳታለች። እዚያ ትማራለች። ስነግራት አለቀሰች፤ ኋላ ግን ልብሷን ራሷ አጣጠፈች።

ሱቁ ገና ማገገሙ ነው፣ ምን ነካት ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሸሚዝ ስተኩስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ጨርቁን ያቃጠልኩ መስሎኝ ካውያውን አነሣሁ፤ ጨርቁ ደህና ነው። ሸምሲያ ጮኸች። እጅሽ፣ እጅሽ አለችኝ። ባየው የግራ እጄ ጠርዝ ተልጧል፤ እኔን ግን አላመመኝም። የሌላ ሰው እጅ የማይ ነበር የመሰለኝ። እሷ እያለቀሰች ውኃ ስታፈስልኝ፣ ምን ያስለቅስሻል ብዬ ጠየቅኋት። በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝና በመርፌ ጫፍ እየነካካ፣ እዚህስ፣ እዚህስ እያለ ጠየቀኝ። ያለኝን ስንገናኝ እነግርሃለሁ። በጊዜ ነው የመጣሽው ብሎኛል፣ ይህን ያዝልኝ።

እንዳትመጪ ብለህ አስምለኸኝ ነበር። ቃልህን አክብሬ ይኸው እስካሁን ዓይንህን ሳላይ ቆየሁ። ከእንግዲህ ግን የምትከለክለኝ ምክንያት የለህም።

የመንደሩን ኃላፊ፣ ብርሃን የሚገባበት ክፍል እንዳለ ጠይቅልኝ። ትንሿን የስፌት መኪና ይዤ እመጣለሁ። እዚያ ላሉት ሰዎች ልብስ የሚሰፋላቸው አለ ወይ? ስንት ሰው እንዳለና ለሙቀቱ የሚስማማው ጨርቅ ምን እንደሆነ ለሙሜ ንገረውና ገዝቼ ልምጣ። ሙሜ በሚመጣው ሐሙስ በመኪናው ያመጣኛል። ከኋላ ከጭነቱ ጋር እሆናለሁ ብለው አኮረፈኝ፤ ከፊት ከእኔ አጠገብ ካልተቀመጥሽ መኪናው አይንቀሳቀስም አለ።

መድኃኔዓለም ዓይንህን ይጠብቅልኝ። ቁስልህን ያድርቅልህ፤ ልጃችንን ያሳድግልን፤ ለሐሙስ በሰላም ያድርሰን።

ባለቤትህ