የእትዬ ሙጫ ዕረፍትና የተቆለፈባቸው የማሽን መመሪያዎች

የእንጨት ሥራ ማሠልጠኛው የማሽን ባለሙያዎች ማኅበር፣ የቴክኒክ ሥዕል ክፍል ኃላፊ የነበሩትና ከጡረታም በኋላ የአሮጌ ማሽኖችን መመሪያ ሲጠግኑ የኖሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ሙጫ» የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። በጥልቅ ቁጣም ነው። ይህን ሁለተኛውን ቃል ከመግለጫው እንድናወጣ ተመክረን ነበር፤ አላወጣነውም።

ቅጽል ስማቸውን ያተረፈላቸው የሙጫ ጣሳቸው ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። የጎደለ ገጽ ፍለጋ ሌላ ከተማ ያለ ፋብሪካ ድረስ ሄደው፣ ዘበኛው «ኃላፊው የሉም» ቢላቸው ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ የተቀመጡ ሴት ነበሩ። ኃላፊው ወዲያው ተገኙ።

ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፦ የማሽን ክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ መመሪያዎቹ በዝናብ ውሃ ራሱ፤ እንዲጣሉም ታዘዘ። እትዬ ሙጫ ገጽ በገጽ ለያይተው በሥዕል ጠረጴዛቸው ላይ አደረቋቸው። አይጥ የበላውን ዳር በስስ ወረቀት ጠገኑ፤ የደበዘዘውን ሥዕል ማሽኑን ራሱን አስፈትተው እየለኩ እንደገና ሣሉ። የሠራተኛ የዘይት አሻራ ግን አላጠቡም። «በጣም የቆሸሸው ገጽ ሰው በጣም የተቸገረበት ገጽ ነው፤ አጥቤው ማንን ላሳስት?» ይሉ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ በሆኑበት ዓመት፦ እያንዳንዱ መመሪያ በሸራ ከረጢት ሆኖ የገዛ ማሽኑ ጎን ላይ እንዲንጠለጠል አደረጉ። «አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያጠብቃል» የሚለውን ደንብ ያወጡትም ያኔ ነው። ምላጭ ሲቀየር አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የተነበበለትን ብቻ ይሠራል። በቃሌ አውቀዋለሁ ለሚል ሽማግሌ ሜካኒክም ይነበብለታል። «በቃልህ የምታውቀው እንቅልፍ ጠግበህ ስትመጣ ነው፤ ዛሬ ዓይንህን እየው» ብለው ያላፈጠጡበት ሰው የለም። በዚህ ደንብ ስንሠራ በኖርንበት ዘመን ምላጭ ሲቀየር የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት መጋቢት፦ የማሠልጠኛው ጽሕፈት ቤት መመሪያዎቹ «ቅርስ» ናቸው ብሎ ከየማሽኑ ሰበሰባቸውና በእንግዳ መቀበያው በመስታወት ሳጥን ቆለፈባቸው። ሪባን ተቆረጠ። እትዬ ሙጫን ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው፤ እሳቸው ግን አላጨበጨቡም። ቅጂ እንኳ ይነሳልን ብንል «ብርሃን ይጎዳቸዋል» ተባልን። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዝ ብናኝ ሲጠጡ የኖሩ መጻሕፍት፣ አሁን ብርሃን ይጎዳቸዋል!

ዘንድሮ ጥቅምት፦ የትልቁ መላጊያ ማሽን ምላጭ ተቀየረ። ቀያሪው መጋዝና ምላጭ ከሚሳልበት የስለት ክፍል ገና የተዛወረ ባልደረባችን ነበር። መመሪያው ምላጩን የሚይዙት ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር፣ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጠብቁ ያዛል። የሚነበብ ስለሌለ አንባቢም አልነበረም፤ እሱም ከዳር ጀመረ። ምላጩ መሐሉ ላይ ጎብጦ ተቀመጠ፤ ማሽኑ ሲነሳ ተሰብሮ ተፈናጠረና ክንዱን ሰነጠቀው። ዛሬም አውራ ጣቱ አይታጠፍም። ጽሕፈት ቤቱ አደጋውን «የባለሙያ ግድየለሽነት» ሲል ገለጸው። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት ያ መመሪያ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ በሳጥኑ ውስጥ ተገልጦ ነበር። የዘይት አሻራው ለእንግዳ ዓይን ይማርካል ተብሎ የተገለጠውም ይኸው የቡሎኖቹ ገጽ ነበር።

እትዬ ሙጫ ይህን እንደሰሙ፣ ልባቸው እየደከመ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው ወጡ። ሳጥኑ ይከፈት አሉ። «እማማ፣ ማመልከቻ ያስገቡና ይጠብቁ» ተባሉ። ይህን ሕንፃ ለግማሽ ዕድሜያቸው ያገለገሉ ሰው ናቸው! አስገቡ፤ ጠበቁም። ሆስፒታል ልንጠይቃቸው ስንሄድ ገና ከበሩ «ተከፈተ?» ይሉን ነበር።

አሁን ጽሕፈት ቤቱ ፎቶግራፋቸው በዚያው ሳጥን እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርቧል። ልጃቸው የሰጠችውን መልስ ማኅበሩ ሙሉ በሙሉ ይደግፋል፦ «እናቴን ከመስታወት ኋላ አታስቀምጡብኝ። የምታከብሯት ከሆነ የሠራችውን ለሠራተኛ እጅ መልሱ።»

ስለዚህ ትልቁ መላጊያ ማሽን ቆሟል። መመሪያው ወርዶ እስኪነበብ ድረስ አባሎቻችን አያስነሱትም። ተግሣጽ ለመጻፍ ያሰበ ካለ ለሁላችንም ይጻፍ።

ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለወንድማቸውና እናት አጣሁ ብሎ ለሚያለቅሰው ለተጎዳው ባልደረባችን መጽናናትን እንመኛለን። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ ንዴታችሁም እንዲሁ።

የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በማሽን ክፍሉ ይከናወናል። ንግግር አይደረግም። የተጎዳው ባልደረባችን ያን ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልናል፤ እኛ ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር እናጠብቃለን። ሳጥኑ ሳይከፈት ከቀረ እሱ ባዶ እጁን፣ እኛ መፍቻችንን እንደያዝን ማሽኑን ከበን እንቆማለን። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎችም ከፎቅ ወርደው እንዲያዩን ተጋብዘዋል።