ታኮ ያላት ትንሽ መኪና

ማክሰኞ፣ መስከረም 20። (የጻፍኩት ግን ዓርብ ነው።)

በርበሬ እያገላበጥኩ ነበር። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ፀሐይ ስትገኝ ማስጣት ነው። ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ እናትነሽ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ማን ሞተ አልኳት። ፊቷን ወደ በርበሬው አዞረች። ቆይ አብሬሽ እሄዳለሁ ብዬ እጄን ታጥቤ የራሴን ነጠላ ላወርድ ወደ ቤት ገባሁ። የሌላ ሰው ለቅሶ መስሎኝ። ስወጣ ግቢው በወንድ ተሞልቷል። የልጄ አጎት ምናለ ከፊት ቆሟል፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ያኔ ገባኝ።

ይበልጣል። አንድ ልጄ። የእህል ጭነት መኪና ረዳት ነበር። ጎህ ሲቀድ በቆሎ ጭነው ከቡሬ ተነሱ። ከማንኩሳ ወዲህ ባለው ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወጣበት። እዚህ ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ እኔ ጋ ቁርስ ሊበላ ነበር። ሽሮው ተሠርቶ ነበር።

በርበሬውን ያስታወሰው የለም። ዶሮ በተነው።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ደብተሬ፣ አንተን የገዛልኝ እሱ ነው። ፊደል እንዳትረሺ፣ ጻፊ እያለ። እስከ ስድስተኛ ተምሬያለሁ፣ ምን ያስረሳኛል እለው ነበር። ይኸው ምን እንደምጽፍብህ እይ።

ትናንት ሠልስቱ ነበር። በደንባችን የሟች ልብስና ዕቃ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ገበሬ ከሆነ ጠመንጃው ይወጣል። የልጄ ምን ይውጣ? ጃኬቱ ወጣ፣ ፎቶው ወጣ። ከዚያ ምናለ ሳይጠይቀኝ መኪናዋን በሰፌድ አድርጎ አወጣት።

ያችን መኪና ሁለት ክረምት ሠራት። የሚሠራበትን ትልቁን መኪና በገመድ ለክቶ፣ እያንዳንዱን ነገር በልኩ አሳንሶ። ጋቢናዋ የዘይት ቆርቆሮ። ጎማዋ ያረጀ ነጠላ ጫማ፤ ጥርሱ ሳይቀር በምላጭ ተቀርጿል። ስፖኪዮዋ ከተሰበረ መስታወቴ ላይ። በሯ ይከፈታል። መሪዋ ሲዞር የፊት ጎማዋ ይዞራል። ከጭነቱ ሥር ደግሞ በክር የተንጠለጠለች ታኮ። ዳገት ላይ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚወሸቀው እንጨት ነው ታኮ። የእሷ ታኮ ጥፍር ታክላለች። ለመጫወቻ ምን ታኮ ያስፈልጋታል ብዬ ስስቅበት፣ ታኮ የሌላት መኪና መኪና አይደለችም እምዬ አለኝ። አልሳቀም።

አልቃሿ ገጠመች፦

ትንሿን መኪና በእጁ የሠራው፣
ምን በድሎት ይሆን ትልቁ የበላው።

ሕዝቡ ጮኸ። ምናለ ሰፌዱን ከፍ አድርጎ ሲዞር ተደናቀፈ። ወደቀች። ስፖኪዮዋ ረገፈ፣ በሯ ጎበጠ። ሳነሣት ታኮዋ የለችም፤ ክሩም የለም። ተንበርክኬ ሣሩን በእጄ ዳበስኩ። ያዟት፣ ያዟት አሉ። ሐዘን ያሳበደኝ መሰላቸው። ዕቃ ነው የምፈልገው ብል ማን ይሰማኛል።

ምናለን አላናገርኩትም። አላናግረውም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ባለ መኪናው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ናቸው፤ ጋቢያቸው የታጠበ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ። ራሱ አልመጣም። ሹፌሩ ጌታነህም አልመጣም። ጌታነህ ቀብር ላይም አልነበረ። ከልጄ ጋር ስንት ቀን እዚህ ቤት በልቷል።

ሽማግሌዎቹ ያሉት ይህ ነው፦ ልጁ ማንም ሳያዘው መኪናው ሳይቆም ዘለለ። የወጣትነት ጥድፊያ። የማንም እጅ የለበትም። እንግዲህ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ፤ እርስዎም በአደባባይ ይህንኑ ይበሉና ነገሩ ይከደን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አልኳቸው። ለመጫወቻ ታኮ የሚሠራ ልጅ በጥድፊያ ይዘላል? ሥራው እንዴት እንደሆነ ነግሮኛል። ዳገት ላይ ፍሬን ሲደክም ሹፌሩ «ታኮ!» ብሎ ይጮኻል። ረዳት የሚዘለው ያኔ ነው። ሳይጮህ የሚዘል ረዳት የለም። ማነው የጮኸው? ይህን ብቻ ንገሩኝ አልኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን አየ። ሐዘን ላይ ነዎት፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን አለ። አትመለሱ አልኩ። ደንብ አፈረስኩ። ይፍረስ።

ልጄን ገደሉት። አሁን ደግሞ ቀልቃላ ሊሉት ነው።

ሲሄዱ ወሰንኩ። መኪናዋን አስጠግናለሁ። በመስታወት ሳጥን አስገባታለሁ። አርባው ዕለት ዳስ መሀል አስቀምጣታለሁ። እነሱም ይጠሩ፣ ባለ መኪናውም ይጠራ። ቀልቃላ የሚለው ሰው መስታወቱ ፊት ቆሞ ይበል።

ዓርብ፣ መስከረም 30

የአንድ ለአምስት መሪያችን መጣች። ስብሰባ ቀርተሻል ትለኛለች። አርባ ሳይወጣልኝ! ከበሩ መለስኳት። እናትነሽ ተይ ትጠምድሻለች አለች። ትጥመደኝ። ከዚህ በላይ ምን ትወስዳለች።

አናጢው ባንቴ ጋ ሄድኩ። ቁመቷንና ወርዷን በገመድ ቋጥሬ ወሰድኩለት፤ ልጄ እንደሚለካው። ከፊት መስታወት ያለው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የሚያምር ሳጥን አልኩት። ምን እንደሚገባበት ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ፣ ፊቴን አይቶ ዘጋ። አይዞዎት እትዬ ጥሩወርቅ፣ ልብዎ የሚያርፍበት አድርጌ ነው የምሠራው አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

በሯን በማንኪያ ጀርባ አቃናሁ። ተስተካከለ፣ ግን ሲከፈት ይጮኻል። እሱ በነበረ ጊዜ አይጮህም ነበር።

ታኮ ልሠራላት ሞከርኩ። የወይራ ስንጣሪ፣ የሽንኩርት ቢላዋ። አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ቀላል ይመስላል። የሠራሁት ሁሉ የተቆረጠ ጥፍር ነው የሚመስል። እጄን ቆረጥኩ። ሁሉንም እሳት ውስጥ ጣልኩ።

የእኔን አላስቀምጥም። የእኔን ባስቀምጥ እኔም ዋሸሁ ማለት ነው። የእሱን እፈልጋለሁ። የለቅሶውን ሜዳ ዛሬም ዞርኩ። ከብት ሣሩን ግጦታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሳጥኑ በጋሪ መጣ። ባንቴ ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ጨርቁን ገለጠ።

ደብተሬ፣ ምን ልበልህ። የሥዕል ቤት ነው የሠራልኝ! ጫፉ ቅስት። ከቅስቱ ላይ መስቀል ተቀርጿል። ከውስጥ የመጋረጃ ዘንግ አለው፣ ቀይ መጋረጃም አለው። ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ሥዕል የሚቀመጥበት ዓይነት።

ጮኽኩበት። መኪና ነው የማስገባው አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። መስታወት ያለው ሳጥን ሲባል እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ሐዘንተኛ እናት ስታዝ ደግሞ ሌላ ምን ይመስለኛል፣ ስለት አለባት ብዬ እኮ መስቀሉን በነጻ ነው የቀረጽኩት አለ። እንባው መጣ። የበለጠ አናደደኝ። የሚያለቅስ ሰው ጠግቤአለሁ።

እንካ መስቀሉን በመጋዝ ቁረጠው አልኩት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መስቀል ላይ መጋዝ አላነሣም፣ እትዬ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ አለ። ሄደ። መጋዝ ከጎረቤት ተዋስኩ። ይዤው ቆምኩ። እኔም አልቻልኩም።

ከሰዓት ላፅናናሽ ብላ አክስቴ መጣች። ዐይኗ ደክሟል። ገና ሳትቀመጥ ሳጥኑ ጋ ሄዳ ተሳለመችው። ግንባሯን፣ ከዚያ አፏን። ተመስገን፣ እመቤታችንን ቤትሽ አስገባሽ አለች። ውስጡ ባዶ ነው። መኪና ነው የሚገባ ልላት አሰብኩ። ሳቄ አመለጠኝ። ከሞተ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በሳቅሁበት ተናደድኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የነፍስ አባቴን አስመጣሁ። ሳጥኑን ዞረው አዩት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ ጢማቸውን ይዘው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። የመኪና ሥዕል ቤት አይደረግም፤ ሰው ይሰናከላል፤ አክስትሽ ተሰናክላለች አሉ። መስቀሉን እንዴት ላድርገው አልኩ። ማን ቁረጪው አለሽ፣ ቅስቱን እንዳለ ፍቺው፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ አንቺ ጠፍጣፋ ጣውላ አስደፊበት አሉ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሁላችን መጋዝ ይዘን ቆመን፣ ምስማር መንቀል ያሰበ የለም።

ከዚያ፣ ልጄ፣ ይህን ሳጥን ለጸሎት ነው ለጠብ የምትሠሪው አሉኝ። ለእውነት ነው አባቴ አልኩ። እውነት ካለቀ በኋላስ? አሉ።

ባንቴ በመሸማቀቅ መጥቶ ፈታው። አዲሱ ክዳን የበቆሎ ሳንዱቅ ክዳን ይመስላል። ይሁን። መጋረጃውን ለአክስቴ ሰጠኋት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

መኪናዋ ገባች። መስታወቱ ንጹሕ ነው። ስፖኪዮዋን ከያው ከተሰበረው መስታወት በሌላ ቁራጭ ተካሁት። ሁሉ አለ። ታኮ የለም። የኋላ ጎማዋ ሥር ባዶ ነው፤ ዐይኔ ሌላ አያይ።

እናትነሽ መልእክት አመጣች። ጌታነህ ቡሬ ነው። ባለ መኪናው አፍህን ዝጋ ብሎት ኖሮ፣ አሁን ሥራውን ትቷል። ሊያይሽ ይፈልጋል፣ ግቢሽ ለመግባት ይፈራል አለች። እንዳይረግጥ በይው አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ አርባው ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው፣ እሱን መከልከል አልችልም አልኳት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አላውቅም። እናትነሽ ግን ያወቀች መሰለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ከሰዓት።

ቶሎ ልጻፈው።

ፍትሐቱ ደረሰ። ሕዝቡ ዳስ ገባ። ሳጥኑ መሀል ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ መጡ። ባለ መኪናውም መጣ፤ ሱፍ ለብሷል፣ ከፊት ተቀምጧል። እኔ ተነሥቼ ልናገር ነበር። ስንት ሌሊት ያሰብኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

ያኔ በር ላይ ጉምጉምታ ሆነ። ጌታነህ ነው። ጎንበስ ብሎ ገባ። ይቅርታ ለማኝ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል፤ ደንባችን ነው። ጌታነህ የተሸከመው ድንጋይ አይደለም። የትልቁ መኪና ታኮ ነው። ጎማ የበላው፣ ዘይት የጠጣ፣ ግንድ የሚያህል። መጥቶ እግሬ ሥር ጎንበስ ብሎ ቀረ።

ሰው ሁሉ በቃ፣ በቃ በይው፣ ስለ እግዚአብሔር ይላል። ሐዘንተኛዋ ካላለች ሸክሙ አይወርድም። አላልኩም። ማነው የጮኸው አልኩት።

እኔ ነኝ እትዬ አለ። ለመሬት ነው የሚናገር።

አልሰማሁም አልኩ። ሰምቻለሁ። ፊት ያሉት አልሰሙም ብዬ ነው።

ቀና ሳይል ድምፁን ከፍ አደረገ። «ታኮ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ! ሳልጠራው አልወረደም። ፍሬኑ እንደማይዝ ለጌታዬ ነግሬ ነበር፤ ይህችን ጭነት አድርስና ይሠራል አለኝ። እያወቅሁ ነዳሁ። ልጁ ጥፋት የለበትም።»

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። ባለ መኪናው ተነሣ፤ እህል ሳይቀምስ ወጣ። መንገድ የለቀቀለት የለም፤ በሰው ጉልበት መሀል እየተጋፋ ነው የወጣ። ምናለ ከኋላው ሊሄድ ተነሥቶ ነበር፤ ተቀመጥ አልኩት። ከሠልስቱ ወዲህ ያናገርኩት ይህን ነው።

ጌታነህ ታኮውን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው የሸሚዝ ኪሱን ፈታ። ትንሿን ታኮ አወጣ። ክሯ አብሯት አለ። በፋሲካ ሰጠኝ፤ ጋቢናህ ውስጥ አንጠልጥላት፣ እምዬ ግን እንዳታውቅ፣ መኪናዋን አጎደልካት ብላ ትቆጣኛለች አለኝ አለ።

እቆጣው ነበር። እውነቱን ነው።

ተቀበልኩት። መስታወቱን ከፈትኩ። መኪናዋን ሳነሣት በሯ ጮኸ። ታኮዋን የኋላ ጎማ ሥር አስገባሁ። ልክ ነች። ዘጋሁ።

ከዚያ ጌታነህን አውርደው አልኩት። ሰው እልል ሊል ቃጣው። ይቅር ብያለሁ አላልኩም። አውርደው ነው ያልኩት። አርባ ቀን ሙሉ ልጄ ስሙ ሲጠፋ ዝም ያለ ሰው ነው። ጠላ ስጡት አልኩ፤ ያን ያህል ነው የቻልኩ። የቀረውን የነፍስ አባቴ ይጠይቁኝ፣ አንድ ቀን።

ትልቁ ታኮ እግሬ ሥር ነው። ይውሰደው ብል ማንም አልነካውም። ወስኛለሁ፦ ሳጥኑን እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሳጥኑም ከዚህ ቤት አይወጣም። ስለ ልጄ የሚያወራ መጥቶ አይቶ ያውራ።

ይህን ደብተር እኔ ሳልፍ የምታነቡ፣ ይበልጣል ብላችሁ አትጸልዩለት፤ ክርስትና ስሙ ወልደ ሥላሴ ነው። ሲጠሩት የወረደ፣ ታኮ በእጁ የያዘ፣ ወልደ ሥላሴ። ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ አሳርፍልን በሉልኝ። ለእኔ ትዕግሥት አትለምኑልኝ። ለእሱ ብቻ።