በልጄ ስም ለሚደረገው ውድድር ባንዲራ እንዳውለበልብ ለጋበዙኝ ኃላፊ

ለክቡር አቶ አዝመራው
የጎህ በር የወጣቶች አዳራሽ ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ከተማውን ሁሉ ለሚያዳርሰው የአዳራሽዎ ድምፅ ማጉያ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነኝ።

ጥቅምት 13 ቀን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጓሮዬ ድንች ስቆፍር ነበር። ቀና ስል የጎረቤቴ የእህተማርያም በር ላይ አራት ሴቶች በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው አየሁ። የእጄን ጭቃ በቀሚሴ ጠርጌ እኔም ልይ ብዬ ስጠጋ እህተማርያም ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ። የልጄ የይኸነው መርዶ ግን በቪዲዮ መጣ። እናቱ ሳልሰማ ጫግኒ ከተማ ድረስ ታይቶ አልቆ ነበር። አዳራሽዎ ፍጥነትን ለወጣቱ ብቻ ሳይሆን ለመርዶም ስላስተማረ በመጀመሪያ በዚህ አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ኅዳር 22 ቀን እሑድ «የይኸነው መታሰቢያ የባጃጅ ውድድር» ልጄ በሞተበት በዚያው ቁልቁለት ላይ እንደሚደረግ፣ ያ የመኪና እሽቅድድም ፊልምም በዋዜማው በአዳራሽዎ ተመልሶ እንደሚታይ፣ እኔም የክብር እንግዳ ሆኜ ባንዲራ እንዳውለበልብ ጠይቀውኛል። ግብዣው በድምፅ ማጉያ ለሁሉ ስለተነገረ መልሴም ሁሉ የሚያነበው እንዲሆን ወድጃለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጅ ቀስ ብሎ ነውና የሚጽፈው፣ ውለታዎን እንዳልረሳ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፊልሙ አመሰግናለሁ። ታሪኩ ጃፓን አገር በመጽሐፍ የተሣለ እንደነበረና በኋላ በሰው እንደተሠራ በየግድግዳው ከለጠፋችሁት ወረቀት አንብቤያለሁ። ወረቀቱ «ሥዕል የነበረው አሁን በእውነተኛ ሰው!» ይላል። ልጄን በቀበርሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከል እንደለበስሁ፣ ያየውን ላይ ብዬ አዳራሽዎ ገባሁ። ወጣቱ መኪናውን እንደያዘ ከገደል ይወረወራል፤ መኪናው አምስት ጊዜ ይገለበጣል፤ መስተዋቱ እንደ በረዶ ይረግፋል፤ ልጁ ግን ከንፈሩን በእጅጌው ጠርጎ ይነሣል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በሥዕል ቢሆን አልፈርድም፤ በሥዕል የሞተውን በሚቀጥለው ገጽ ቆሞ ይሥሉታል። ይህን በሥጋና በአጥንት አድርጎ ላሳየ ሁሉ፣ ያንንም ለእኛ ልጆች ለሳምንታት እየደጋገሙ ላሳዩት ለእርስዎ፣ ከእናት የሚገባው ምስጋና ይድረስ።

ሁለተኛ፣ ስለ ተርጓሚዎ ስለ ወንድዬ አመሰግናለሁ። ማይክ ይዞ ከፊልሙ ጎን ቆሞ ሲያወራ ሰው ከፊልሙ ይልቅ እሱን ነው የሚሰማው። የጃፓኑ ተራራ በታየ ቁጥር «ይቺማ የእኛዋ የጫግኒ መንገድ ቁልቁለት ናት!» ይላል፤ አዳራሹ ይሥቃል። አንድ ሽማግሌ የጋራዥ ባለቤት ለወጣቱ የሚናገረው ቃል አለ፤ እሱ ላይ ሲደርስ ወንድዬ ድምፁን ወፍራም አድርጎ «ፍሬን የፈሪ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ይህ ቃል በሳምንት ውስጥ በየባጃጁ ጀርባ ተለጠፈ። ሕፃናት ሳይቀሩ በየመንገዱ ይሉት ጀመር። የይኸነው ታናሽ እህት ፋና ኮሌጅ ናት፤ በዚያን ቀን ከጎኔ ተቀምጣ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። ሽማግሌው የሚለው «ፍሬን የሚይዝ ነው እቤቱ የሚገባው» ነው። ፋና ሁለት ጊዜ አንብባ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ማንበብ አቃታት። ለካ ፊልሙ እንኳ ለልጄ አዝኖለት ኖሯል። ያንን ምክር አውጥታችሁ የራሳችሁን ስላስገባችሁ፣ በሣቅም ስላጀባችሁት፣ ምን ብዬ ላመስግን?

ሦስተኛ፣ ልጄ ፈሪ ነበረ፤ ይህን አልክድም። ከቆሰበር ዘንገና ሲመላለስ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሽማግሌ፣ እንቁላል የያዘች ነጋዴ፣ ሁሉም ሌላ ባጃጅ አሳልፈው እሱን ይጠብቁ ነበር። ጓደኞቹ «የአራስ ባጃጅ መጣች» እያሉ ሲያሾፉበት ይሥቅ ነበር። አባቱ አቶ ደረሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስሙ የታወቀ ፈረሰኛ ነበረ፤ ልጁን ኮርቻ ላይ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ ያስተማረው ልጓም መሳብ ነው። በፈረስ አገር ተወልጄ አርጅቻለሁ፤ ልጓም የፈሪ ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ወንድዬ ግን ልጄ ከኋላ መቀመጡን አይቶ በማይክ «ይኸነው ቢሆንማ ይቺን ኩርባ ፍሬን ይዞ ዳዊት እየደገመ ነበር የሚያልፋት!» አለ። ሦስት መቶ ሰው ዞሮ ሣቀበት። እርስዎም ፊት ወንበር ላይ ሆነው እንደሣቁ ነግረውኛል። በዚያ ማታ ልጄ እራቱን አልበላም። በማግስቱ አዳራሽዎ በዚያ ቁልቁለት ላይ ባዘጋጀው የባጃጅ ውድድር ተመዘገበ፤ ቃሉንም ባጃጁ ጀርባ ላይ ለጠፈ።

አራተኛ፣ ስለ ውድድሩ አዘገጃጀት። ረቡዕን የመረጣችሁት የገበያ መኪና የማይበዛበት ቀን ነው ብላችሁ ነው፤ ለዚህ አስተዋይነት አመሰግናለሁ። መንገዱን በአንድ ገመድ ዘጋችሁ። ገመዱ ግን ከላይ ነበር፤ ከታች አልነበረም። ከታች ከሰል የጫነ አይሱዙ ይወጣ ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተገናኙ። የባጃጁ መሪ በልጄ ደረት ገባ፤ መንጋጋው ከቦታው ወጣ፤ የከሰሉ ማዳበሪያ ተቀዶ በላዩ ፈሰሰ። የአይሱዙው ሾፌር ፍሬን ይዞ ነበር። ከሁለቱ ፈሪው እሱ ነበር፤ ዛሬም ልጆቹን ያሳድጋል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከቪዲዮው ነው። እህተማርያምን ለምኜ፣ ተንበርክኬ፣ አየሁት። ክቡር ሆይ፣ ሊገድለኝ የደረሰው ግጭቱን ማየቴ አይደለም፤ ከግጭቱ በኋላ ያለው ነው። ሕዝቡ እንደ ፊልሙ መስሎት «ተነሥ! ተነሥ!» እያለ ያጨበጭባል። ወንድዬ በማይክ «ጀግናው ከንፈሩን ይጠርግና ይነሣል!» ይላል። የልጄ እጅ ከከሰሉ ውስጥ ወጥታ ሁለት ጊዜ ትንቀሳቀሳለች፤ ሕዝቡም ሁለቱንም ጊዜ ይጮኻል። ከዚያ አትንቀሳቀስም። ጭብጨባው እስኪቆም ድረስ ሰው አልቀረበውም። ቆጥሬዋለሁ፤ እስከ ስልሳ አንድ ቆጠርሁ።

አምስተኛ፣ የገነዙት ሰዎች ውኃ ሲደፉ ከደጅ ቆሜ አየሁ። ሦስት ጊዜ ቀየሩ። ሦስተኛውም ጥቁር ነበረ።

ስድስተኛ፣ አደጋው «በተወዳዳሪው የግል ስሕተት» እንደደረሰ በደብዳቤዎ ሁለተኛ መስመር ላይ ጽፈዋል፤ በአራተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ጀግናችን» ብለውታል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ማስቀመጥ ትልቅ ትምህርት ይጠይቃል። ፎቶውንም በትልቁ አሳጥበው ከፊልሙ ወረቀት ጎን እንደሰቀሉት አይቻለሁ። ይኸነው ብሎ ስም ያወጣለት አባቱ ነው፤ ልጅህ የታለ ብሎ ለሚጠይቀው ሰው «ይኸነው» ብሎ በኩራት ለማሳየት። አሁን ልጅሽ የታለ ቢሉኝ የማሳየው የእርስዎን ግድግዳ ነው። ወረቀታችሁ ሥዕል የነበረውን እውነተኛ ሰው አደረግን ይላል፤ እውነተኛ የነበረውን ልጄን ሥዕል እንዳደረጋችሁትም ከሥሩ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ግብዣው ልመለስ። ኅዳር 22 የልጄ አርባ ነው። ቀኑን ሳያውቁ እንደመረጡት አምናለሁ፤ አውቀው ቢሆንማ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ አልጽፈውም ነበር። ሃያ ሦስት ልጆች መመዝገባቸውን ሰምቻለሁ። ከእነሱ አንዱ የእህተማርያም ልጅ ውዱ ነው፤ በአርባው ድንኳን የሚተክልልኝ እሱ ነበር። የሃያ ሦስቱንም እናቶች በየቤታቸው እየሄድሁ አነጋግሬያለሁ። ስለዚህ ውድድሩ ይቅር ብዬ እርስዎን አልለምንም፤ ለልመና የተረፈ ጉልበት የለኝም። ክብርዎን ተቀብያለሁ፤ እመጣለሁ። ባንዲራውን ግን ከላይ፣ ከገመዱ ዘንድ፣ አላውለበልብም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ከሰሉ አሁንም አስፋልቱን ባጠቆረበት ቦታ፣ መንገዱ መሀል እቆማለሁ። ከጎኔ ሌሎች ሃያ ሦስት እናቶች ይቆማሉ። ልጆቻችን ከላይ ሲመጡ እናታቸውን ያያሉ። ፍሬን የማን እንደሆነ እዚያው ይታያል።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ በተሰበረ ልብና በማያልቅ ምስጋና፣ የተጋበዝሁት የክብር እንግዳ፣

ፀጋነሽ ባዬ
የይኸነው ደረሰ እናት
ኅዳር 15 ቀን፣ ከቆሰበር

ማስታወሻ፦ በዚያ ቀን ወንድዬ ከነማይኩ ከጎኔ እንዲቆም ይፍቀዱልኝ። እኔ የማለቅሰው በአዊኛ ነው፤ የማይሰማ እንግዳ ቢኖር ይተርጉምለት። ይህን አንዱን እንኳ ሳይለውጥ።

ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ ግን፣ በአዳራሹም በውድድሩም የሌላችሁበት፣ በየእምነታችሁ ጸልዩለት። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ነፍሱን ይማርልን በሉልኝ፤ ስሙንም ስትጠሩት አትቸኩሉ፣ ቀስ ብላችሁ ጥሩት።