ጠበል የጠጣችው መኪና

አዳማ፣ ጥቅምት 1924 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሙሉአለም፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ምን የሚሉት ሥራ ነው ትለኝ ይሆናል። ፊደል ያስቆጠርከኝ ግን አንተ ነህ፤ ዝናብ መቂ ላይ ሲያግተን በመኪናችን ሆድ ውስጥ ተቀምጠን፣ በከሰል ቁራጭ ሳንቃው ላይ እየጻፍክ። ስለዚህ ጥፋቱ ያንተም ነው፣ ታገሠኝ። ይህን ነገር ለሌላ ሰው መንገር ብችል ኖሮ አንተን አላስቸግርህም ነበር።

መኪናችንን ለክረምት አቁመን በበቅሎ በሄድንበት ንዳድ ወሰደህ፤ ሐምሌ ላይ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ከቀበርኩህ በኋላ በቅሎህን እየሳብኩ በዚያ ጭቃ ተመለስኩ። እናትህ ቤት በቀጥታ አልሄድኩም፤ ወጉን አውቃለሁ። መጀመሪያ ጎረቤታችሁ ኦቦ መርዳሳ ዘንድ ገብቼ ነገርኩ። እሳቸውም የእናትህን የንስሐ አባት፣ አባ ወልደአማኑኤልን አስጠሩ። ሁለቱ ሲመክሩ አመሹና አንድ ልጇን ያጣች እናት ወንድሞቿ አጠገቧ ሳይኖሩ መርዶ አትሰማም አሉ። ወንድሞቿ ምንጃር ናቸው፣ ወንዙም ሞልቷል። ክረምቱ ይውጣ፣ እነሱ ይምጡ፣ ያን ጊዜ ማለዳ ተሰብስበን እንነግራታለን ተባለ። እስከዚያ ድረስ የመዋሸቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ንዳድ ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል፣ መንገዱ ሲደርቅ ይመጣል አልኳቸው። እናትህ እማማ ሸዋወርቅም ምንም ሳይጠራጠሩ አመኑኝ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። ቢቆጡኝ፣ ልጄን ጥለህ መጣህ ብለው ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ለበቅሎህ ገለባ አቀረቡላት፣ ለእኔ ገንፎ አገነፉልኝ፣ አንተ እንኳ ደህና ገባህልኝ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ክረምቱን ሙሉ በደጃፋቸው ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እየደፋሁ ነው ያለፍኩት።

ጥቅምት ገባ፣ መንገዱ ደረቀ። ምንጃሮቹ ለእሁድ ማለዳ እንደሚደርሱ ላኩ። ኦቦ መርዳሳም ጠርተው መኪናዋን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ መርዶውን ከሰማች በኋላ መቃብሩን ካላየሁ ትላለች፣ በበቅሎ ደግሞ ዝዋይ ድረስ አትችለውም አሉ። እናትህም ምንም ሳያውቁ በየማለዳው እዚያው ነገር ላይ ናቸው። መንገዱ እኮ ደረቀ ገርባ፣ መቼ ነው ሄደህ የምታመጣልኝ ይሉኛል። ሁሉም መኪናዋ እንድትነሳ ይፈልጋል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ግን አልፈለግሁም። ቆማ እስካለች ድረስ አንተም ዝዋይ ሆነህ መንገድ የምትጠብቅ ነበር የሚመስለኝ።

እናትህ ግቢ ውስጥ ሰኔ መግቢያ ላይ እንዳቆምናት ናት። ጎማዎቿ ድንጋይ ላይ፣ ቆዳው ጣራዋ ላይ። ከአርመኑ ላይ አርጅታ የገዛናት ጊዜ የሣቁብን ሁሉ፣ አንተ ከኋላዋ የሳንቃ ቤት ሠርተህ ሁለት አልጋ ስታስገባባት፣ "ቤት አዘል" ብለው ስም ሲያወጡላት ትዝ ይልሃል? በሩን ስከፍት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ አገኘሁ። የታቀፈችውም አንተ አልጋ ላይ ነው። ለስላሳውን ለራስህ እንደወሰድክ ዶሮዋ እንኳ አውቃለች።

ያስተማርከኝን ሁሉ አደረግሁ። ጎማዎቹን ነፋሁ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ነቅዬ ጠረግሁ፣ እሳት ዳር አሙቄ መለስኳቸው። ማስነሻውን ብረት ስይዝ አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አደረግሁ፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድህን የሰበረህ ጊዜ የተማርኩት ነው። ላቤ እስኪንጠባጠብ አዞርኩ። ምንም የለም። እናትህ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። አይዞህ ይሉኛል። እምቢ ባለች ቁጥር እኔ በልቤ እፎይ እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ክረምቱ ከብዷት ነው እያሉ ግንባሯን በነጠላቸው ይጠርጉላታል።

በመጨረሻ የቤንዚኑን ቧንቧ ፈትቼ በብርጭቆ ቀዳሁ። ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ውሃ። እንደገና ቀዳሁ፣ ያው ነው። ቆዳው አፍስሶ እንደሆነ ጣራውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ውሃ ከየት ገባባት ብዬ ለራሴ ሳጉረመርም እናትህ ሰሙኝ።

"ውሃ አይደለም ልጄ፣ ጠበል ነው" አሉ።

አንተ እንደቀረህ በነገርኳቸው ሰሞን ነው የጀመሩት። በየወሩ በሚካኤል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጠበል እያመጡ፣ አንተ ቤንዚን በጣሳ ስታጠጣት ባዩበት አፍ በኩል ሲያጠጧት ከርመዋል። እሷ ከዳነች ልጄን ታመጣልኛለች ብዬ ነው አሉኝ። አልሣቅሁም፣ አልተቆጣሁም። ፊቴን ወደ ሞተሩ አዙሬ እዚያው አለቀስኩ። ቤንዚን ዓይኔ ገባ አልኳቸው፤ ይህችም ሌላ ውሸት ናት።

ውሃውን ሁሉ አውጥቼ ሰው እማይረግጠው ቦታ፣ ከግራሩ ሥር አፈሰስኩት። መቼም ጠበል ነው። የቀረውን ቤንዚን በጨርቅ አጠለልኩ። ከዚያ ዓርብ የሚካኤል ዕለት ሆነና እናትህ ማለዳ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሳያዩኝ ልሞክራት ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ብትነሳ አጥፍቼ ዝም እላለሁ፣ እሁድም ሽማግሌዎቹ የሚሆነውን ያደርጋሉ ብዬ።

ገና ስይዛት ተነሣች፣ ሙሉአለም። ያንን የምታውቀውን ሳሏን ሳለችና ያዘች። መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ፣ ሳንቃው ሁሉ ተንጓጓ። እኔም ሞኙ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅሁ። አላጠፋኋትም። ትንሽ ልስማት አልኩ።

እዚህ አገር ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ደግሞ የሚመጣው አንተ ነበርክ። ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

እልልታው የተሰማኝ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ነው። እናትህ ጠበሉን በጠርሙስ ይዘው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ሲሮጡ መጡ። ጎረቤታችሁ ዘርፉ ከኋላ እየተከተለች፣ አንቺ ሴትዮ ትወድቂያለሽ እያለች ነው። እኔን አላዩኝም። አልፈውኝ በቀጥታ ወደ ኋላ ዞሩና የሳንቃውን በር ከፈቱ። ጎንበስ ብለው አልጋህን አዩ። ከዚያ የእኔን አልጋ። ከዚያ እንደገና ያንተን።

"እሱሳ ገርባ? የት ወረደ?"

አፌን ከፈትኩ፤ ያው የለመድኩት ውሸት ሊወጣ ነበር። አልወጣም። ሄጄ ሞተሩን አጠፋሁት። ዝም ሲል እናትህ ፊቴን አዩ፤ ዘርፉም ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች።

"ሐምሌ ላይ ዝዋይ ቀብሬዋለሁ፣ እማማ" አልኳቸው።

መርዶህ እንዲህ ተነገረ። ወንድሞቻቸው ሳይመጡ፣ ካህን ሳይቆም፣ ቤንዚን የተቀባ እጄን እንኳ ሳልታጠብ። ኦቦ መርዳሳ እስከ ዛሬ በቅጡ አያናግሩኝም። ምንጃሮቹ እሁድ ሲደርሱ ቤቱ አልቅሶ ደክሞት አገኙት፤ ትልቁ አጎትህ ሁለት ቀን መታገሥ አቅቶህ ነው ወይ አሉኝ። ልክ ናቸው። በሐምሌ ብነግራቸው ወይም እሁድ ቢነገራቸው ኖሮ ያቺን እልልታ ባልሰማኋት ነበር። ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት።

እናትህ ትናንት አስጠሩኝ። ማቃቸውን ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን መኪናዋ ትነሣለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትነሣለች አልኳቸው። እንግዲያው ነገ ውሰደኝ፣ እሱ አልጋ ላይ ተኝቼ እሄዳለሁ አሉ። እሺ ብዬ ልወጣ ስል ነጠላዬን ያዙት።

"አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ ልጄ። እስክንደርስ ሞተሩን አታጥፋው።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ ድምፁ እስካልጠፋ ድረስ አንተ የምትመጣ ይመስላቸዋል። መቂ ላይ ውሃ መሙላት እንዳለብኝ፣ ሞተሩም ማረፍ እንዳለበት አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም እሺ አልኳቸው። እየነዳሁ ውሃ የምሞላበትን መላ ሳስብ አደርኩ፤ አላገኘሁም።

ጎህ ቀድዷል፣ አሁን ልነሣ ነው። ጫጩቶቹን ከአልጋህ አውርጃለሁ። ስንመጣ ከሩቅ ትሰማን ይሆናል፤ ድምፁን ስትሰማ እኛ ነን።

እናትህን ይዞልህ የሚመጣው ወንድምህ፣
ገርባ