ከግንቡ ማዶ ያፈራው ሂካማ

ጥር 19 ቀን፣ ከቀትር በኋላ
ጓሮ፣ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀምጬ

ለናፈቅሽኝም ላናደድሽኝም ለእማዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ስልሽ ጤናዬን ማለቴ ነው። አንጀቴ ግን ከትናንት ጀምሮ እርር ድብን ብሏል፤ ያሳረርሽውም አንቺ ነሽ። ስልኩ የተቋረጠው በመስመር ችግር አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ልመልስልሽ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝና እሱን ከምትሰሚ ብዬ ዘጋሁት። ስለዚህ ይኸው በወረቀት። ወረቀት ላይ እንባ ቢንጠባጠብ እንኳ ቃል አይቋረጥም።

«እማ፣ ሥራ አገኘሁ» ስልሽ በደስታ ትጮሂያለሽ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌው ነበር። አንቺ ግን «እስቲ የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺና እንነጋገራለን» አልሽ። ምኑን ነው የምንነጋገረው? ስትሄጂ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። «ስምንተኛን እለፊልኝ፣ እመጣለሁ» አልሽ፤ አለፍኩ። «ዩኒቨርሲቲ ግቢልኝ» አልሽ፤ ገባሁ። «ተመረቂልኝ» አልሽ፤ ተመረቅኩ። ፎቶው ላይ ባንቺ ቦታ የቆመችው አክስቴ ናት፤ ለዚያ ቀን የተዋሰችው ጫማ ጠቧት ፊቷ ጭምድድ ብሎ። በመጨረሻ «ሥራ ያዢ እንጂ በማግሥቱ ቲኬት እቆርጣለሁ» አልሽ። ይኸው ያዝኩ። ማግሥቱ ዛሬ ነው፣ እማ።

ሥራው እንዴት እንደተገኘ ብታውቂ እንዲህ ቀለል አድርገሽ «ጨርሺና» ባላልሽኝ ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ። ለነገሩ ዘሩም ያንቺ ነው፣ ጦሱም ያንቺ ነው።

አምና በሰው እጅ፣ በልጅ ካልሲ ቋጥረሽ የላክሽልኝን አሥራ አራት ፍሬ ዘር ታስታውሻለሽ? «የአሠሪዬ አትክልተኛ የሰጠኝ ነው፣ ሂካማ ይባላል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «የሚበላው ሥሩ ነው፤ ልጠሽ በጥሬው ነው። ቆዳው ሻካራ ነው፣ ውስጡ ግን ውኃ የሞላው፣ የሚጣፍጥ ነው። ስበላው አንቺ ትዝ አልሽኝ።» ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያን ጊዜ የሰብል ሳይንስ ዲግሪዬን በፕላስቲክ አስለብጬ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ እጠና ነበር። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልምድ አለሽ?» የሚቀጥረኝ ሳይኖር ልምድ ከየት አባቴ ላምጣ? በኪሎ ይሸጣል? ግንቦት ላይ ግን የችግኝ ጣቢያው ማስታወቂያ ለጠፈ። ሁለት አዲስ ተመራቂዎች ይቀጠራሉ፤ ተወዳዳሪ በአካባቢው ያልተለመደ አንድ ሰብል በገዛ እጁ ከዘር ጀምሮ አብቅሎ ጥር ላይ ለዳኞች ያቀርባል። አንብቤ ሳልጨርስ ካልሲሽ ታወሰኝ። ታክሲ ሳልሳፈር፣ በእግሬ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

ቦታው በውኃ ታንከሩና በግንቡ መካከል ያለችው ቁራጭ ናት፤ አክስቴ ልብስ የምታሰጣበት። ገመዷን ነቅዬ ወደ ቤቱ ጥግ ወሰድኩባት። ዘሩን ውኃ ውስጥ አሳድሬ ተከልኩ፤ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ በቀሉ። እንጨት ተክዬ፣ ሲባጎ ወጥሬ አሳደግኩት። ሐረግ ነው፤ ሲወጣ አይታክተውም። ነሐሴ ላይ ግንቡን ዘሎ የልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ቆርቆሮ ላይ ሰፈረ።

አሁን ስሚኝ፤ ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሂካማ ጉልበቱን ለአበባና ለፍሬ ካዋለው ሥሩ እንደ ጣት ቀጥኖ ይቀራል። ስለዚህ አበባው ብቅ ባለ ቁጥር ይቀነጠባል። ሐምራዊ አበባ ነው፤ ለማየት ደስ ይላል፤ ቢሆንም ይቀነጠባል። ጠዋት ጠዋት እቀነጥባለሁ፣ አክስቴ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረገሽ ይሄ አበባ?»

«ሥሩ እንዲወፍር ነው፣ አክስቴ።»

«ሥሩን አይተሽዋል?»

«አፈር ውስጥ ነው፣ እንዴት አየዋለሁ?»

«እንግዲያው ያላየሽውን ለማወፈር ያየሽውን ትገያለሽ!»

ከግንቡ ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ ልብስ ሰፊው መስማቱ ነው። «ምሁሯ!» ይለኛል፣ «እኔም እጅጌውን እየቆረጥኩ ብጥል ኮቱ ይረዝምልኝ ይሆን?» ከዚያ ሁለቱ ይስቃሉ። እኔ የአራት ዓመት መማሪያ መጽሐፍ ያነበብኩ፣ በመርፌና በመጥረጊያ ይሳቅብኛል! ጥርሴን ነክሼ ቀነጠብኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ሲባጎ ለማጥበቅ ወንበር ላይ ወጥቼ ወደ ማዶ ባይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በልብስ ሰፊው በኩል ያለው ሐረግ አንድም አበባ አልተነካበትም፤ ከላይ እስከ ታች ፍሬ ተንዠርግጎበታል፤ ዛላው ቁርጥ ፎሶሊያ። ከሥሩ ደግሞ አክስቴ ሳህን ይዛ ትለቅማለች። እማ፣ የሂካማ ቅጠልና ፍሬ መርዝ ነው! የሚበላው ሥሩ ብቻ ነው። ይህን ነግሬያታለሁ። እና በእሷ ቤት ልትቀቅለው ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ግንቡ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ጮህኩ፤

«ሰው ልትፈጂ ነው እንዴ?»

ልብስ ሰፊው የአንዱን ደንበኛ ወገብ እየለካ ነበር፤ ሜትሩ እጁ ላይ ቀረ። እኔ እጄ የደረሰበትን ዛላ ሁሉ ቦጭቄ መሬት ጣልኩ። አክስቴ ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት አበላሁሽ» አለች። «አንድ ቀን ሆድሽን አሞሽ ያውቃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤን ከድና ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ እሷ ክፍሏ ገብታ ትበላለች። አንቺ ጋ ስደውል፣ እናቴ ናት ትረዳኛለች ብዬ ስደውል፣ ሳታስጨርሺኝ «ይቅርታ ጠይቂያት» አልሽኝ። መርዝ ከሰው አፍ ያስጣልኩ እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እኔ! አልጠየቅኩም። ይህን ባልደብቅሽ ይሻላል።

ጥር 4 ቀን ደረሰ። ከዘጠኙ ስምንቱን ቆፍሬ አወጣሁ። ትልቁን በሁለት እጄ ነው ያቀፍኩት። በግንቡ ጥግ የነበሩት ሁለቱ ግን ከሲታ ሆነው ወጡ፤ የማዶው ፍሬ በልቷቸዋል። «አየሽ?» ብዬ ለአክስቴ ከፍ አድርጌ አሳየኋት፤ እያየች አላየችም። ሁለት ቅርጫት ሞላ። አንዱን ሳልለምናት አንስታ፣ ሦስት እርምጃ እየቀደመችኝ እስከ ጣቢያው ድረስ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጀርባው ሦስት ዳኞች። ሰብሳቢው፣ ስልኩን የማያስቀምጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ እና መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የዘር ክፍል ኃላፊ። ልጬ ቆርጬ አቀረብኩ። ወፍራሙ ሰውዬ ሲቆረጥመው ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመ፤ ስልኩንም አስቀመጠ! እኔም ልቤ አበጠ። የአፈሩን፣ የውኃውን፣ የአበባውን ነገር ዘረዘርኩ። «በእኔ በኩል አንዲትም አበባ አላመለጠችኝም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

የዘር ክፍሏ ሴትዮ መነጽሯን አደረገች። «ጎበዝ» አለች። «ለመሆኑ ለከርሞ ምን ትዘሪያለሽ?»

እማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አራት ዓመት ሰብል የተማርኩ፣ የወር አበባ እንደሚቆጥር ሰው የሂካማ አበባ ስቆጥር የከረምኩ፣ ዘር የሚባል ነገር አላስቀረሁም። ከሥሩ በስተቀር ያሰብኩት ነገር የለም። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እናቴ… እናቴ ትልክልኛለች።»

ወፍራሙ ሰውዬ ሳቀ። «እናት ባትልክስ?»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልዱ ነው። ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አክስቴ ናት። እጇን ጡቷ ሥር ከታ አንድ የተቋጠረ ነገር አወጣች፤ ያንቺን ካልሲ። ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ የደረቀ ዘር፤ እፍኝ ሙሉ።

«የግንቡ ማዶው ነው» አለች ለሴትዮዋ፣ እኔን ሳታይ። «እሷ እንዳትቆርጥብኝ ልብስ ሰፊውን ለምኜ በሱ በኩል ደበቅኩት። ቀድሞ የደረቀ የደረቀውን ለቅሜ ነው ያቆየሁት።»

«ልትቀቅይው አልነበረም?» አልኩ፣ ልጅ ሆኜ።

«መርዝ ነው ብለሽ ስንቴ ነገርሽኝ! ጆሮ የለኝም እንዴ? ሳህኑን አይተሽ ቢሆን ደረቁን ታዪ ነበር። አንቺ ያየሽው እኔን ነው።» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ «ዘር ያላስቀረ ሰብል እንግዳ ነው» አለች፣ «አብልተሽ ትሸኚዋለሽ፤ ለከርሞ መምጣቱን በምን ታውቂያለሽ?»

ሴትዮዋ ከዘሩ ሃያ ቆጥራ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አደረገች። «ከበቀለ እንጠራሻለን» አለችኝ። በመንገድ ላይ ስንመለስ «አክስቴ…» ብዬ ጀመርኩ። «ዝም በይና ቅርጫቱን ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ። ማታ ሳህኗን ይዛ ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከትናንት በስቲያ ተጠራሁ። ከሃያው አሥራ ሰባቱ በቅለዋል። የስድስት ወር ሙከራ፣ ሰኞ እጀምራለሁ። ቅጹ ላይ «ሥሩን ያመረተች» ከሚለው ጎን የኔ ስም ተጽፏል፤ «ዘሩን ያቆየች» ከሚለው ጎን የአክስቴ። ኅዳር ላይ ቢሆን ቅጹን እቀደው ነበር። «ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ፤ ከራሴ በቀር የምናደድበት ሰው አላገኘሁም።

እስከ ትናንት ድረስ ማለቴ ነው። ትናንት አንቺ ጋ ደወልኩ።

ስልኩን እንደዘጋሁት አክስቴ «ምን አለች?» አለችኝ። ሂካማ እየላጠች ነበር። «የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺ አለች» አልኳት። ቢላዋ እጇ ላይ ቆመ። «እህቴ ሥራ ይበዛባታል» አለችና ወጣች፤ ጠዋት ደርቆ የገባውን ልብስ እንደገና ስታሰጣ በመስኮት አየኋት። ከጀርባሽ አንዲት ሕፃን «ማማ» ስትል፣ አንቺም ስልኩን በእጅሽ ስትሸፍኚው መስማቴን አልነገርኳትም። የአሠሪሽ ልጅ ትሆናለች። ይሁን።

ስምንቱን ቆፈርኩ ብዬሻለሁ። ዘጠነኛዋ ታንከሩ ጥግ አለች፤ ያንቺ ድርሻ ናት፣ አልነካኋትም። ስትመጪ በገዛ እጅሽ ትቆፍሪያታለሽ ብዬ ነው። ግን ሥራዬ ነውና ልንገርሽ፤ ሂካማ በጊዜው ካልተነቀለ ውኃው ይደርቃል፣ ጣዕሙ ይጠፋል፣ እንጨት ይሆናል። እስከ ሚያዝያ ትታገሣለች። ከዚያ በኋላ ብትመጪም በሩ ክፍት ነው፤ የምትቆረጥሚው ነገር ግን አይኖርም።

ካልሲሽን መልሼልሻለሁ። ሦስት ፍሬ ዘር ጨምሬበታለሁ፤ ለአትክልተኛው ስጪልኝ፣ አመስግኚልኝም። ከእንግዲህ ዘር አትላኪ፤ ዘር አለን። ራስሽን ላኪ።

እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክልሽ፤ ያስቀመጥሽውም ሳይቀር ይጠብቅሽ። ተናድጄም ቢሆን እወድሻለሁ።

ቆዳዋ ሻካራ ልጅሽ

ሳልረሳው፦ ዘሩን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው። መርዝ ነው፤ ትንሿ አፏ ውስጥ እንዳትከተው። ስሟን አልነገርሽኝም እንጂ ሰላም እላት ነበር።